ሰዓት የሚያሳድደው ባቡር፦ የፖስታና የጋዜጣ ባቡሮችን በሞዴል ሐዲድ ላይ ማስኬድ

እንደምን አመሻችሁ።

ብሪታንያ ውስጥ የሞዴል ባቡር ኤግዚቢሽን የገባ ሰው አንድ ነገር ሳያይ አይወጣም። ቀዩን የፖስታ ባቡር። ጎኑ ላይ «ሮያል ሜይል» የሚል በቢጫ ተጽፎበታል። ክቡን ሐዲድ ይዞ ይዞራል፣ ይዞራል። ልጆች ይወዱታል፤ እኔም አልጠላውም። ግን ትንሽ ቆሜ ካየሁት በኋላ አንድ ጥያቄ ይመጣብኛል። ይሄ ባቡር ፖስታውን የሚያደርሰው መቼ ነው?

የዛሬው ወሬዬ ይኸው ነው። የመንገደኛ ባቡር ዝም ብሎ ቢዞርም ያምርበታል። ሰዎቹ መስኮት ሥር ተቀምጠው ይሄዳሉ ብለን እናስባለን፣ አለቀ። የፖስታና የጋዜጣ ባቡር ግን ሥራው ያለው የሚቆምበት ቦታና የሚቆምበት ሰዓት ላይ ነው። ፉርጎውን አሳምሮ ሠርቶ ሰዓቱን የረሳ ሰው፣ ለእኔ ገና ግማሽ መንገድ ላይ ነው።

ከመቀጠሌ በፊት ሁለት ነገር ላስታውስ። የምጠራቸው ዓመቶችና ወሮች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ልኬት ስል ደግሞ እዚያ አገር በብዛት የሚሠራበትን፣ ኦኦ የሚባለውን ማለቴ ነው። ሁሉ ነገር ከእውነተኛው 76 ጊዜ ያንሳል፤ የሐዲዱ ስፋት 16.5 ሚሊሜትር ነው። ጠረጴዛ ላይ የተዘረጋውን ሐዲድ፣ ከነጣቢያው ከነዛፉ፣ ሌይአውት እንለዋለን።

ፖስታ ባቡር ላይ የወጣው በጣም ቶሎ ነው። የሊቨርፑልና የማንቸስተር መስመር የተከፈተው መስከረም 1830 ነው፤ ኅዳር ላይ ፖስታ መጫን ጀመረ። በጥር 1838 ደግሞ ሌላ ሐሳብ መጣ። ደብዳቤው ከተማው እስኪደርስ ለምን እንጠብቃለን? መንገድ ላይ ለምን አንለየውም? ለሙከራ አንድ የፈረስ መጫኛ ፉርጎ ተለወጠና ከበርሚንግሃም ወደ ሰሜን፣ በሊቨርፑል አቅጣጫ፣ መሄድ ጀመረ። ሙከራው ያዘ። ተንቀሳቃሽ ፖስታ ቤት የሚባለው ነገር ከዚያ ተወልዶ እስከ ጥር 2004 ዘለቀ። 166 ዓመት ማለት ነው።

እነዚህን ፉርጎዎች ለመሥራት የሚነሳ ሰው መጀመሪያ ማወቅ ያለበት ሁለቱ ጎኖቻቸው እንደማይመሳሰሉ ነው። ውስጥ በአንድ በኩል ያለው ግድግዳ ከጫፍ እስከ ጫፍ ትንንሽ የደብዳቤ ሣጥኖች የተደረደሩበት ነው። ሠራተኞቹ ፊታቸውን ወደዚያ አዙረው፣ ሌሊቱን ሙሉ ቆመው ይለያሉ። በሌላው በኩል ከረጢቶቹ ይንጠለጠላሉ። ስለዚህ በሣጥኖቹ በኩል መስኮት የለም ማለት ይቻላል፤ ቢኖርም ከላይ ጣሪያው ሥር ያለ ጠባብ ነገር ነው። በአሮጌዎቹ ላይ ከፉርጎ ወደ ፉርጎ የሚያሻግረው በር ራሱ ከመሃል ወደ አንድ ጎን ተገፍቷል። ለምን? የሚተላለፈው ሰው ሣጥኖቹ ፊት የቆመውን እንዳያውክ ነው። ሁለት እንዲህ ያሉ ፉርጎዎች ካሏችሁ ታዲያ በሮቹ መገጣጠማቸውን እዩ። አንዱን ወደ ሰሜን አንዱን ወደ ደቡብ አዙሮ የሚያያይዝ ሰው ሞልቷል፤ በሮቹ ሲተላለፉ ግን አያይም።

ጎኑ ላይ ደብዳቤ ማስገቢያ ስንጥቅም አለ። ባቡሩ ጣቢያ ሲቆም ማንም ሰው መጥቶ ደብዳቤውን እዚያው መክተት ይችል ነበር፤ ለዘገየ የሚከፈል ትንሽ ተጨማሪ ቴምብር ለጥፎ። ይቺን ስንጥቅ በቀጭን ብሩሽ አንድ ጊዜ ጫር ማድረግ ነው። ከዚያ ፕላትፎርሙ ላይ ኮቱን ለብሶ የሚሮጥ አንድ ሰውዬ አቁሙ። ባቡሩ ምን እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልጋችሁም።

አሁን ሁሉም የሚወደው ጉድ ላይ ደርሰናል። ባቡሩ ሳይቆም ከረጢት መቀበልና ማቀበል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከሐዲዱ ጎን ምሰሶ ይተከላል። ፖስተኛው ከባድ የቆዳ ከረጢት እዚያ ላይ አንጠልጥሎ ይጠብቃል። ባቡሩ ሲቃረብ ውስጥ ያለው ሠራተኛ ከፉርጎው ጎን መረብ ይዘረጋል። መረቡ ከረጢቱን ከምሰሶው ላይ ይነጥቃል። በዚያው ቅጽበት ከፉርጎው በወጡ የብረት ክንዶች ላይ የተንጠለጠሉ ከረጢቶች ሐዲዱ ዳር በተዘረጋ ሌላ መረብ ይያዛሉ። ይሄ ሁሉ በሙሉ ፍጥነት፣ በጨለማ። መረቡን የሚዘረጋው ሰው የት እንደደረሰ የሚያውቀው በድልድይ ድምፅና ከውጭ በሚያያቸው ምልክቶች ነበር። ቀድሞ ቢዘረጋው ሌላ ነገር ይመታል፤ ቢዘገይ ከረጢቱ ያመልጠዋል። የመጨረሻው ቅብብል ጥቅምት 1971 በሰሜን እንግሊዝ፣ ፔንሪዝ አጠገብ ተደረገና መሣሪያው ተነቀለ።

በ1950ዎቹ ትራይአንግና ሆርንቢ ደብሎ የሚባሉት የብሪታንያ አሻንጉሊት ሠሪዎች ይህን የሚሠራ ፉርጎ ለልጆች አውጥተው ነበር። ባቡሩ ሲያልፍ ቀጭ ይላል፣ ትንሿ ከረጢት ትገባለች፣ ትንሽ ወረድ ብሎ ደግሞ ትወረወራለች። አንዳንዴ ሳሎኑ ማዶ ሶፋ ሥር ነው የምትገኘው። ዛሬም አሮጌ ዕቃ በሚሸጥበት ይገኛል። ቁም ነገረኞቹ ሞዴል ሠሪዎች «አሻንጉሊት ነው» ብለው ይንቁታል። እኔ ግን እከራከራለሁ። ባቡሩ ሥራ ሲሠራ የሚያሳይ ሌላ ሞዴል ስንት ታውቃላችሁ? መሣሪያው ትልቅ ነው፣ ልኬቱን አልጠበቀም፣ እውነት ነው። ሥራውን ግን ይሠራል።

አንድ ነገር ብቻ አደራ። መሣሪያው በ1971 ቀርቷል ብያለሁ። ያ ቢጫ ጽሑፍ ያለበት ቀይ ባቡር የመጣው በ1980ዎቹ አጋማሽ ነው። ቀዩን ባቡር ከመረቡ ጋር አብሮ የሚያስኬድ ሌይአውት ስታዩ፣ አያትና የልጅ ልጅ በአንድ ቀን ተወለዱ እንደማለት ነው። በመረቡ ዘመን ፉርጎዎቹ እንደየጊዜው ደማቅ ቀይ፣ የቀይ ዳማ፣ በኋላም ሰማያዊና ግራጫ ነበሩ።

ቀጥሎ የሚመጣው ችግር ርዝመት ነው። የአንዱ ፉርጎ ሞዴል 26 ሳንቲሜትር ገደማ ነው። ከስኮትላንድ ወደ ለንደን ይሄድ የነበረው ትልቁ የፖስታ ባቡር 12 ፉርጎ ይጎትት ነበር። ሎኮሞቲቩን ሳንቆጥር ከሦስት ሜትር በላይ! የብዙዎቻችን ሳሎን ግድግዳ ያልቃል።

12 ፉርጎ ስል ምን እንደምትጠይቁኝ አውቃለሁ። ሁልጊዜ አንድ ሰው ይጠይቃል። አዎ፣ ነሐሴ 8 ቀን 1963 የተዘረፈው ባቡር ነው። ከግላስጎው ወደ ለንደን ዩስተን ሲሄድ። ዘራፊዎቹ የሲግናሉን አረንጓዴ መብራት በጓንት ሸፈኑ፣ ቀዩን በባትሪ አበሩ፣ ባቡሩም ቆመ። ሎኮሞቲቩንና የመጀመሪያዎቹን ሁለት ፉርጎዎች ብቻ ቆርጠው ወደ አንድ ድልድይ ወሰዷቸው፤ ገንዘቡ ሁለተኛው ፉርጎ ውስጥ ነበርና። 2.6 ሚሊዮን ፓውንድ። ኋላ የቀሩት ዐሥር ፉርጎዎች ውስጥ የነበሩት ሠራተኞች መጀመሪያ ነገሩ አልገባቸውም። ይህን ትዕይንት በሌይአውት ላይ የሚሠሩ አሉ። አንድ ሎኮሞቲቭ፣ ሁለት ፉርጎ፣ አንድ ድልድይ፤ ለቦታ ይመቻል። እኔ አልሠራውም። ነጂው ጃክ ሚልስ ጭንቅላቱን ተመትቶ ጤናው እንደ ቀድሞው አልሆነለትም። መዝናኛዬ እንዲሆን አልፈልግም። ሌላው የፈለገውን ይሥራ።

የርዝመቱ መፍትሔ ሌላ ቦታ ነው ያለው። ፖስታ ሁሉ በፖስታ ባቡር አይሄድም ነበር። አብዛኛው የመንገደኛ ባቡር ጭራ ላይ በተቀጠለ በአንድ ወይም በሁለት ቫን ነው የሚሄደው፤ ቫን ስል ዕቃ የሚጫንበትን ዝግ ፉርጎ ማለቴ ነው። ቫኖቹ መገናኛ ጣቢያ ላይ ይፈታሉ፣ ለሌላ ባቡር ይቀጠላሉ። ክሩ የሚባለው ጣቢያ እኩለ ሌሊት ላይ ከየአቅጣጫው የመጡ የፖስታ ባቡሮች የሚገናኙበት ነበር። ታምወርዝ ደግሞ ይበልጥ ይገርማል። ሁለት መስመሮች አንዱ ከሌላው በላይ ይሻገራሉ፣ ለሁለቱም ጣቢያ አላቸው፣ ከረጢቱ ከላይኛው ወደ ታችኛው በአሳንሰር ይወርድ ነበር። ቦታ ለሌለው ሰው እንዲህ ያለ ባለ ፎቅ ጣቢያ ማለት ስጦታ ነው።

ወደ ጋዜጣው እንምጣ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔ ይበልጥ የምወደው ይሄኛውን ነው። ስለ ፖስታው ባቡር ብዙ ተብሏል። የጋዜጣው ባቡር ግን ብዙ ሰው ዞር ብሎ ያላየው፣ ቆሻሻና አስቀያሚ ባቡር ነበር። ሞዴል ለመሥራት ከዚህ የተሻለ የለም።

ጋዜጣ እንደ ዳቦ ነው፤ ካደረ ማን ይገዛዋል? ስለዚህ ሰዓቱ ከፖስታውም ይጠብቃል። ጋዜጦቹ በሚታተሙበት የለንደን መንገድ፣ ፍሊት ስትሪት ላይ፣ ማሽኖቹ የሚነሱት ማታ ነበር። መጀመሪያ የሚታተመው ለሩቅ አገር የሚሄደው ነው፤ ለምዕራብ ጫፉ ለኮርንዎል ለምሳሌ። ለቅርቡ ሰው የሚታተመው በኋላ ነው። የኮርንዎሉ አንባቢ ማታ የተጫወቱትን የኳስ ውጤት ላያገኝ ይችላል፤ የለንደኑ ግን ያገኘዋል። ባቡሮቹም እንደዚሁ ከምሽት እስከ ንጋት አቅራቢያ፣ ከፓዲንግተን፣ ከዩስተን፣ ከኪንግስ ክሮስ፣ ከዋተርሉ ተራ በተራ ይወጣሉ። የጭነት መኪኖች ከማተሚያ ቤት ሲበሩ መጥተው ጥቅሎቹን ጣቢያው ላይ ያራግፋሉ። አንዳንዱ ባቡር ውስጥ ጠረጴዛና መብራት ያላቸው ቫኖች ነበሩ፤ ሠራተኞች እየሄዱ ጥቅሎቹን በየጣቢያው ይለያሉ። ትንሽ ጣቢያ ሲደርስ ጥቅሉ ፕላትፎርም ላይ ይወረወራል፣ ባቡሩ ይሄዳል።

ሁሉም ከለንደን አይመጣም። ዴይሊ ሜይል ከ1900 ጀምሮ ማንቸስተር ውስጥ መታተም ጀመረ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። ለሰሜኑ አገር የሚሄደው ጋዜጣ ተራራውን አቋርጦ እስከ ኒውካስል የሚሄደው ከማንቸስተር ነው።

ሞዴል ሠሪው ጆሮውን ማቆም ያለበት እዚህ ጋ ነው። ሌሊት የሄዱት ቫኖች ቀን ላይ ባዶአቸውን መመለስ አለባቸው። ከኒውካስል ማንቸስተር ሬድ ባንክ ወደሚባለው ማቆሚያ የሚመለሰው የባዶ ቫኖች ባቡር ፎቶ አንሺዎች የሚያሳድዱት ነበር። ሃያ ያህል ቫን ተቀጣጥሎ፣ ብዙ ጊዜ በሁለት ዲዝል ሎኮሞቲቭ ተስቦ። አንዱ ቫን ሌላውን አይመስልም። አንዱ ረጅም፣ አንዱ ባለ አራት ጎማ አጭር። የአንዱ ጣሪያ ክብ፣ የሌላው ጠፍጣፋ። ከ1948 በፊት የነበሩት አራቱ የባቡር ኩባንያዎች እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ፕላን የሠሩት ሁሉ እዚያ ተደባልቆ ይገኛል። የግሬት ዌስተርን የወተት ቫኖች ሳይቀሩ፤ ሳይፎን የሚባሉት። ወተቱ ወደ ሌላ ማመላለሻ ሲዞር ለጋዜጣ ተሰጡ።

ስለዚህ ቀን ቀን የሚሠራ ሌይአውት ያለው ሰው መብራት ማጥፋት አያስፈልገውም። ባዶውን ባቡር ያስኪድ። ሃያ ቫን ባይኖረው ስምንት ይበቃል፤ ብቻ ስምንቱም የተለያዩ ይሁኑ። ሱቅ ሄዶ ስምንት አንድ ዓይነት ቫን የገዛ ሰው ገንዘቡን አባክኗል። ከአሮጌ ዕቃ ሻጭ የተለቃቀመ ይሻላል፣ ዋጋውም ይረክሳል። ደግሞ አታጥቧቸው። እነዚህን ቫኖች የሚያጥብ አልነበረም። ሰማያዊው ቀለም ቡናማ እስኪመስል፣ ጣሪያው ጥላሸት እስኪለብስ ቀቧቸው። ከፈለጋችሁ አንዱ ላይ «ጋዜጣ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ለጥፉ፤ ለዚህ ሥራ ብቻ የተመደቡት እንዲህ ተጽፎባቸው ነበር።

አሟሟቱ ፈጣን ነው። በ1986 የሩፐርት መርዶክ ጋዜጦች ከፍሊት ስትሪት ለቀው ዋፒንግ ወደሚባለው ሌላ የለንደን ሰፈር ሄዱ። አታሚዎቹ አድማ መቱ፤ ጋዜጣው በጭነት መኪና መሄድ ጀመረ። ሌሎቹም ባቡሩን ተራ በተራ ተዉት። ሐምሌ 1988 ላይ የጋዜጣ ባቡር አበቃ።

የትኛውን ዘመን ልሥራ ለሚል ሰው መልሴ አጭር ነው። ከ1964 እስከ 1968። ከ1964 ጀምሮ ብሩት የሚባለው ባለ ሽቦ አጥር ጋሪ በየፕላትፎርሙ ይታያል። የከረጢቱ መረብ ገና አልተነሳም። የጋዜጣ ቫኖቹ አሉ። የእንፋሎት ሎኮሞቲቩም እስከ ነሐሴ 1968 ድረስ ይሠራል። ከዚህ የሚበልጥ ምን አለ?

አሁን ሰዓቱ። ሞዴል ሠሪዎች የሚጠቀሙበት ፈጣን ሰዓት የሚባል ነገር አለ። ከእውነተኛው አራት እጥፍ የሚፈጥን እንበል፤ ሩብ ሰዓት ስትጫወቱ አንድ ሰዓት ያልፋል። ስልክ ላይ የሚጫን መተግበሪያም ይሆናል። አንድ ትንሽ የመጨረሻ ጣቢያ ይኑራችሁ። ሁለት ፕላትፎርም፣ አንድ የጎን ሐዲድ። ሜትር ተኩል ጣውላ ላይ ይበቃል።

ለምሳሌ ከሌሊቱ ዐሥር ሰዓት ተኩል ላይ ትንሽ ባቡር ይገባል። አንድ የመንገደኛ ፉርጎ፣ አንድ የጋዜጣ ቫን፣ አንድ የፖስታ ቫን። ለማራገፊያ በሰዓቱ ሃያ ደቂቃ ትሰጡታላችሁ፤ ለእናንተ አምስት ደቂቃ ነው። በዚያች አምስት ደቂቃ እጃችሁን አታንሡ፤ ባቡሩ ቆሞ ሥራ ላይ ነው። ከዚያ ቫኖቹን ወደ ጎን ሐዲድ ግፉና ፕላትፎርሙን ልቀቁ፤ አንድ ሰዓት ላይ ሠራተኞችን የሚጭነው ባቡር ይመጣል። ከሰዓት በኋላ ባዶው የጋዜጣ ቫን ለሚመለስ ባቡር ጭራ ይቀጠላል። ማታ ደግሞ ፖስታ ቤቱ የቀኑን ደብዳቤ ያመጣል። የፖስታ ቫኑ በአንድ ሰዓት ከሩቡ ባቡር ካልሄደ መገናኛው ላይ ትልቁን የሌሊት ባቡር አያገኘውም። ቫኑ መቀያየሪያው ላይ ከተወዘፈባችሁ፣ የከተማው ደብዳቤ ቀረ ማለት ነው። አንዴ ይህን የቀመሰ ሰው ክብ ላይ ወደማዞር አይመለስም።

ሰዓቱ ጨዋታ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ከ1848 ጀምሮ ከለንደን ወደ ሆሊሄድ ወደብ ይሄድ በነበረው የአየርላንድ ፖስታ ባቡር ላይ አንድ መልእክተኛ በትክክል የተሞላ የኪስ ሰዓት ይዞ ይጓዝ ነበር። የለንደንን ሰዓት ለደብሊን ለማድረስ። ፖስታው ሰዓትም ያመላልስ ነበር ማለት ነው።

ይህ ሁሉ የሚቆመው መጋጠሚያው ከሠራ ነው። ከሱቅ ከነባቡሩ የሚመጣው መንጠቆ ለማያያዝ ጥሩ ነው፤ ለመፍታት ግን ጣት ይፈልጋል። ጣት ሲገባ ቫኑ ከሐዲድ ይወጣል፣ ነገር ይበላሻል። ሐዲዱ ሥር በተቀበረ ማግኔት የሚፈቱ መጋጠሚያዎች አሉ። ገንዘብ ካላችሁ ከቀለምም፣ ከአዲስ ሎኮሞቲቭም በፊት እነሱ ላይ አውሉት።

የፕላትፎርሙን ቶሎ ልለፈው። የጋዜጣ ጥቅል ማለት ቀጫጭን ወረቀት ቆርጦ፣ ደርቦ፣ በክር ማሰር ነው። የፖስታ ከረጢት ደግሞ ከሸክላ ጭቃ ይጠቀለላል፤ ቀለሙ ግራጫ ይሁን። የተለያየ ቅርጽ ስጧቸው፤ ሙሉም ግማሽም ይኑር። በፖስታው ፉርጎ ውስጥ መብራት አስገቡ፣ ጠንከር ያለ ይሁን፤ ደብዳቤ በደብዛዛ ብርሃን አይነበብም።

በመጨረሻ የእኛን ነገር ላንሳ፤ ብዙዎቻችሁ ለገሃርን አስባችሁ እንደመጣችሁ ስለምገምት። የጅቡቲው መስመር ድሬዳዋ የደረሰው በ1902፣ አዲስ አበባ በ1917 ነው። ከአውሮፓ በመርከብ የመጣው ፖስታ ጅቡቲ ወርዶ በዚያ ሐዲድ ይወጣ ነበር። ግን በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ባቡሩ ሌሊት አይሄድም። ድሬዳዋ ያድራል፣ አዋሽ ያድራል፣ በሦስተኛው ቀን አዲስ አበባ ይገባል። መንገደኛው ያድራል፣ ፖስታውም አብሮ ያድራል። ከእንግሊዞቹ ጋር ፍጹም ተቃራኒ። ለሌይአውት ግን እንዴት ይመቻል መሰላችሁ! አዋሽ ጣቢያን ብቻ ሥሩ። ማታ ባቡሩ ይገባል፣ መንገደኛው ወደ ቡፌው ይሄዳል፣ ሎኮሞቲቩ ውኃ ይሞላል። ጠዋት ይነሣል። የጊዜ ሰሌዳችሁ ይኸው ነው፤ በአንድ ምሽት ትጨርሱታላችሁ።

የሐዲዱ ስፋት አንድ ሜትር ነበር። 87 ጊዜ ሲቀነስ 11.5 ሚሊሜትር ገደማ ይመጣል፤ ለዚህ የሚሆን 12 ሚሊሜትር ሐዲድ ገበያ ላይ አለ፤ የስዊዘርላንድ የተራራ ባቡሮች የሚሸጡበት ልኬት ነው። የሻሲና የጎማ ጣጣውን ከነሱ ትወስዳላችሁ። የፉርጎውን አካል በፎቶ እያያችሁ ከፕላስቲክ ቅጠል ትቆርጣላችሁ። ወደ ለገሃር ሄዳችሁ የቀሩትን አሮጌ ፉርጎዎች መለካት ከቻላችሁ ደግሞ ከእኔ የበለጠ መረጃ ይኖራችኋል።

ጥያቄ ካለ እንቀጥል። ስለ ዝርፊያው የሚጠይቅ ሰው ግን ወረፋው መጨረሻ ላይ ነው።